ማረጋገጫው በገበያ ቀን ይላክ

ረቡዕ፣ መጋቢት 9

ዛሬ ለሁለት መቶ ሠላሳ ስምንት ሰው ደብዳቤ ላክሁ፣ በሁለት ደቂቃ ውስጥ። እውነቱን ለመናገር የላከው ኤጀንቱ ነው፤ ያዘዝሁት ግን እኔ ነኝና ምስጋናውን ለማንም አላካፍልም።

ነገሩን ከሥሩ ልጻፈው፣ ኋላ ስጨቃጨቅ ማስረጃ ይሆነኛል። ኮሌጃችን ከመጪው ክረምት ጀምሮ በአራት ክረምት ዲፕሎማ ያላቸውን የገጠር መምህራን በዲግሪ ሊያስተምር ነው። ወጪውን የሚሸፍነው የውጭ ድርጅት የጠየቀው አንድ ነገር ነው፦ እያንዳንዱ አመልካች በኢሜይል የሚደርሰውን ሊንክ ተጭኖ አካውንቱን ያረጋግጥ። እስከ ሚያዝያ 2 ሁለት መቶ ሰው ካላረጋገጠ ፕሮግራሙ ከደብረ ታቦር ተነቅሎ ወደ ሌላ ክልል ይሄዳል። ለዚሁ ሲባል አዲስ መሣሪያ ሰጥተውናል። የሰው ሠራሽ አስተውሎት ኤጀንቱ በዚህ መሣሪያ ገብቶ ማን እንዳረጋገጠ ያያል፣ ላላረጋገጠው ደግሞ ማረጋገጫውን እንደገና ይልካል። ከሐዋሳ የመጣው የቢሮ ጓደኛዬ ተስፋነህ "ተላላኪው" ብሎ ስም አውጥቶለታል።

የተላላኪው አዛዥ እኔ ነኝ። በሠላሳ ሁለት ዓመቴ የመጀመሪያው ሹመቴ ነው፤ ይመቸኝ።

ሐሙስ፣ መጋቢት 10

ያረጋገጡት ሠላሳ አንድ ብቻ ናቸው፤ ሁሉም የከተማ ሰዎች። የቀሩትን ስም ዝርዝር ሳነብ ተራ ቁጥር 117 ላይ ቆምሁ። በለጠች ይሻው። ዕድሜ 53። ደራ ወረዳ፣ ከሐሙሲት ሁለት ሰዓት ተኩል በእግር።

እናቴ ናት።

አልነገረችኝም። እኔ እዚህ ቢሮ እንደምሠራ እያወቀች በሌላ በር ገብታ አመለከተች። ከሃምሳ ዓመት በላይ የሆነ ሰው የሚቀበሉት በዚህ ዙር ብቻ ነው፤ በሚቀጥለው አይቀበሉም። ለምን እንዳልነገረችኝ አውቃለሁ። እዚህ አልጽፈውም። ለእኔ እሷም ከሁለት መቶ ሠላሳ ስምንቱ አንዷ ናት፣ በቃ።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 12

ለኤጀንቱ ትእዛዝ ሰጠሁ፦ "ላላረጋገጡት ሁሉ በየማለዳው አሥራ ሁለት ሰዓት እንደገና ላክ።" የዛሬው ሄዷል። ከእንግዲህ እኔ ተኝቼ እንኳ ሥራው ይሠራል።

እሑድ፣ መጋቢት 13

ገብር ኄር። ቄሱ ስለ ታማኙ አገልጋይ ሲሰብኩ እኔ ያሰብሁት ኤጀንቴን ነው። እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ሰኞ፣ መጋቢት 14

ሠላሳ ስድስት። የኮሌጁ ዲን አቶ ደጀን ኮሪደር ላይ ለአንድ ሰው ሲሉ ሰማሁ፦ "የፈለገ ያረጋግጥ ነበር። ላልፈለገ ሰው ደጅ አንጠናም።" ደሜ ፈላ። ገብቼ ልመልስላቸው አልሁና አሃዙን አስታውሼ ተውሁት። በሠላሳ ስድስት ምን አፍ ይኖረኛል?

ረቡዕ፣ መጋቢት 16

ሠላሳ ዘጠኝ።

ለእናቴ ደወልሁ፤ እንደ ልማዳችን በርእሰ መምህሯ ስልክ፣ ጉብታ ላይ አስጠርቼ። ስለ ጾሙ፣ ስለ ጉልበቷ፣ ስለ ጎረቤት ሠርግ አወራን። ስለ ማመልከቻው እሷም ዝም፣ እኔም ዝም። በዘዴ ልጠይቃት ብዬ "እማ፣ ኔትወርክ እንዴት ነው እናንተ ዘንድ?" አልኋት።

"ምን ልታደርጊበት ነው?"

"እንዲያው ነው።"

"እንደምታውቂው ነው። ከዚህ ጉብታ ድምፅ ብቻ ነው የሚያልፈው። ሐሙስ ሐሙስ ገበያ ስንወጣ ካልሆነ የት ይገኛል? ስልኩንም ያን ለት ነው ከተዘጋበት የምንከፍተው።" ከዚያ ወደ ሽንኩርት ዋጋ ዞረች። ይህቺ ሴት የተጠየቀችውን ትታ ሌላ ማውራት ልማዷ ነው። ምንም ሳልይዝ ዘጋሁ።

ዓርብ፣ መጋቢት 18

አርባ አንድ። ዛሬም ሪፖርቱ "ትእዛዝዎ ተፈጽሟል" ይላል። ይህችን የመጀመሪያ መስመር ካነበብሁ ወዲያው ልቤ ያርፋል፤ የቀረውን አልፈዋለሁ። ተስፋነህ "ስመኝ፣ በየቀኑ ልከሽ በሦስት በሦስት ሰው እያደገ? አንድ ነገር አለ" አለኝ። "ያለው ስንፍና ነው፣ የእነሱ" አልሁት። እንዲህ በማለቴ አሁን ቅር ብሎኛል።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 19

የዛሬን በዝርዝር እጽፋለሁ፣ ቢያሳፍረኝም።

የገበያ ቀን ነው፤ ከተማው በሰውና በባጃጅ ተጨናንቋል። ቅዳሜ ግማሽ ቀን እገባለሁና ብቻዬን ነበርሁ። አራት ሰዓት ላይ አንድ ሃምሳ የሚሆናቸው ሰው፣ ጋቢያቸውን እንዳጣፉ፣ በሩ ላይ ቆመው እስኪፈቀድላቸው ጠበቁ። መምህር ካሳው ይባላሉ፤ ከጉና ሥር በእግራቸው የመጡ። ተቀመጡ ብላቸው እንቢ አሉ።

"ልቀመጥ አልመጣሁም። ጥፋቴን ንገሩኝና ልሂድ።"

"የምን ጥፋት?"

ስልካቸውን አወጡ። ከእኛ የመጣ ዘጠኝ መልእክት ተደርድሯል። "ባለፈው ቅዳሜ ገበያ ወጥቼ ሁለት አገኘሁ፤ የፊተኛውን ስከፍት 'አይሠራም' ቢለኝ ሌላውን ሳልነካ ተመለስሁ። ዛሬ ደግሞ ይህ ሁሉ መጥቷል። የቀደመ ይቀድማልና ከታች ጀምሬ በተራው ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ከፈትሁ። 'ጊዜው አልፏል' አለኝ። ሦስት ጊዜ አይሆንም የተባለ ሰው አራተኛ አይለምንም፣ ነውር ነው። መከልከሉን ተከልክያለሁ። ምክንያቱን ግን ማወቅ አለብኝ፤ ሠላሳ ዓመት አስተምሬያለሁ።"

ስልኩን ተቀብዬ ዛሬ ማለዳ የተላከውን፣ ከሁሉ በላይ ያለውን ተጫንሁ። "አካውንትዎ ተረጋግጧል" አለ። መምህር ካሳው መነጽራቸውን አውልቀው ደግመው አነበቡት።

"እንዴ! አልተከለከልሁም ነበር?"

አልተከለከሉም ነበር። ማንም አልተከለከለም። እሳቸውን ሸኝቼ የመሣሪያውን መመሪያ ከፈትሁ፤ ይህን ማድረግ የነበረብኝ ከአሥር ቀን በፊት ነው። እንዲህ ይላል፦ አንድ ሊንክ የሚሠራው ለሃያ አራት ሰዓት ነው፤ አዲስ ሲላክ ደግሞ የቀድሞው ወዲያው ይሞታል። እኔ በየማለዳው በትጋቴ የትናንቱን እገድል ነበር። ሰዉ ሳምንት ሙሉ ኔትወርክ የለውም፤ በገበያው ቀን ሲወጣ የሬሳ ክምር ያገኛል፣ ከታች ጀምሮ በጨዋነት ይከፍታል፣ ሦስቴ ይባረራል፣ ክብሩን ይዞ ወደ ቤቱ ይመለሳል።

ከዚያ የኤጀንቱን ሪፖርቶች አወጣሁ፣ በዚህ ጊዜ እስከ ታች። "ትእዛዝዎ ተፈጽሟል" ከሚለው ሥር በየቀኑ፣ ስምንት ቀን ሙሉ፣ አንድ ማሳሰቢያ ነበረ፦ ለአንድ ሰው ከአሥር ጊዜ በላይ እንደገና መላክ አይቻልም፤ አካውንቱ ይቆለፋል።

ስምንቱን አባክኛለሁ። ለእያንዳንዱ ሰው የቀረው ሁለት ነው።

"አቁም" ብዬ ጻፍሁለት። "ቆሟል" አለ። አቶ ደጀን በስልክ "እንዴት ነው?" ሲሉኝ "ኔትወርክ አስቸገረ" አልኋቸው። ዋሸሁ።

እሑድ፣ መጋቢት 20

ኒቆዲሞስ። ሽማግሌ መምህር ሊማር የሄደበት ዕለት ነው ዛሬ የሚታሰበው። ቅዳሴው እስኪያልቅ አንገቴን ደፍቼ ቆምሁ።

እንግዲህ ልጻፈው። ከሁለት ዓመት በፊት፣ ለገና አገር ቤት ሄጄ፣ እናቴ "ዲግሪዬን ልቀጥል አስቤያለሁ" አለችኝ። እኔን ዩኒቨርሲቲ ለማስገባት ስትል የራሷን ክረምቶች ሁሉ የተወች ሴት ናት። እኔ እየሳቅሁ "ከእንግዲህ ተምረሽ ምን ልትሆኚ ነው?" አልኋት። ሰው ፊት። እሷም ሳቀች። ሳቋን አሁንም እሰማዋለሁ።

አሁን ደግሞ ኮሌጁም ሦስቴ አይሆንም ብሏታል ማለት ነው። በእኔ እጅ።

ሰኞ፣ መጋቢት 21

ጠዋት አቶ ደጀን ቢሮ ገብቼ ሁሉንም ተናገርሁ። ኔትወርክ አይደለም፣ እኔ ነኝ አልሁ። አቶ ደጀን ወንበራቸውን ወደ እኔ አዞሩ።

"በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉት በራሷ አሳጠረች አለ። ለመሆኑ መፍትሔ ይዘሽ ነው የመጣሽው ወይስ ለቅሶ?"

"መፍትሔ። ሰዎቹ ኔትወርክ ላይ የሚወጡት በገበያ ቀናቸው ብቻ ነው። በየገበያቸው ቀን፣ ገበያው ከሞቀ በኋላ፣ አንድ ጊዜ ብቻ እንልካለን።"

"ይህን ማን ነገረሽ?"

"እናቴ" አልሁ። ስትነግረኝ ሳልሰማት እንደቀረሁ ግን አላልሁም።

"እስከ ዓርብ ስቅለት ነው ያለሽ። ያልተሳካ እንደሆነ ለድርጅቱ የምትጽፊው አንቺ ነሽ፣ በፊርማሽ" አሉኝ። እሺ አልሁ። ስወጣ ግን "የማክሰኞዎቹን አትርሺ፣ እኔ የዚያ አገር ሰው ነኝ" ብለው ጮኹብኝ።

ቀኑን ሙሉ ከተስፋነህ ጋር ርእሰ መምህራን ዘንድ ስንደውል ዋልን። ለእያንዳንዱ ትምህርት ቤት መምህራኑ የትኛው ገበያ እንደሚወጡ መዘገብን። ተስፋነህ "ስንት ገበያ ነው ያላችሁ ጎበዝ!" እያለ ይገረማል። ለኤጀንቱ አዲስ ትእዛዝ፦ የማክሰኞ ገበያተኞች ማክሰኞ፣ ሐሙሲቶች ሐሙስ፣ የደብረ ታቦሮቹ ቅዳሜ፤ ሦስት ሰዓት ሲሆን፤ አንድ ጊዜ ብቻ። መልእክቱም እንዲህ እንዲጀምር፦ "አልተከለከሉም። የቀድሞዎቹን ይተዉና ይህን ብቻ ይክፈቱ።"

ኤጀንቱ መልሶ ጠየቀኝ፦ "የገበያ ቀኑ ከበዓል ጋር ቢገጥም ምን ላድርግ?" ከእኔ ይሻላል።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 22

ትናንት አርባ ሰባት። ዛሬ ሰባ አንድ! በአንድ ገበያ ሃያ አራት! ተስፋነህ ጠረጴዛ ላይ ሊወጣ ምንም አልቀረው።

ሐሙስ፣ መጋቢት 24

ሐሙሲት ከሦስት ሰዓት ተኩል ጀምሮ ኔትወርክ የለም። እስከ ማታ የለም። ከሃምሳ አንዱ ያገኙት ስድስት። የቀሩት አርባ አምስቱ ዘጠነኛቸው ሄደ።

117 ከስድስቱ ውስጥ የለችም። ሁሉንም ነው ያየሁት፣ እሷን ብቻ አይደለም።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 26

መቶ ስልሳ ስምንት!

እንዴት ያለ ቀን ነው! አቶ ደጀን ራሳቸው ከገበያው አጠገብ ወንበርና ጠረጴዛ አስቀመጡ። መምህር ካሳው ዛሬ ጓደኞቻቸውን አስከትለው መጡ፤ እንደ ሽማግሌ በትራቸውን ይዘው ሰልፉ ዳር ቆሙና "የላይኛውን! ከላይ ያለውን ብቻ! የሞተውን አትንካ!" እያሉ ያዙ። አንዱ "አያ ካሳው፣ መቼ ተቀጠርህ?" ቢላቸው "ሦስቴ ተባርሬ ነው ያወቅሁት፣ እውቀቴን በነፃ አልተማርሁትም" አሉት። ሰልፉ በሳቅ አለቀ።

ድምፄ ተዘግቷል። እግሬ አብጧል። በሕይወቴ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 29

መቶ ሰባ ሦስት። ሃያ ሰባት ይጎድላል፤ ከቀሩት አብዛኞቹ ሐሙሲቶች ናቸው። ለእያንዳንዳቸው አንድ ብቻ ቀርቷል።

የእናቴ ትምህርት ቤት ርእሰ መምህር፣ መምህር ፈንታሁን፣ ከጉብታ ላይ ሆነው ደወሉልኝ። "እኛ ዘንድ አራት አመልካቾች ነበሩ፤ ሁሉም አልተፈቀደልንም ብለው ተቀምጠዋል። በተለይ እትዬ በለጠች ስልኳን ዘግታ ሣጥን ውስጥ ከታዋለች። ባለፈው ሐሙስም ገበያ አልወጣችም።"

"ለሁሉም ይንገሩልኝ፤ የፊታችን ሐሙስ ስልካቸውን ይዘው ሐሙሲት ይምጡ፤ ከኮሌጁ ሰው ይመጣል።"

"ማን ልበላቸው?"

"ከኮሌጁ ሰው" አልሁ።

ለኤጀንቱ፦ ለሐሙሲቶች ምንም እንዳትልክ። እኔ ስም እስክጠራ ድረስ ጠብቅ። ሰውየው ፊቴ ቆሞ፣ ኔትወርኩን አይቼ፣ ከዚያ ብቻ።

ለእናቴ ራሴ መደወል እችል ነበር፣ በመምህር ፈንታሁን ስልክ። አልደወልሁም። ምን ብዬ?

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 1

በሌሊት ተነስቼ በመጀመሪያው ሚኒባስ በወረታ በኩል ሐሙሲት ገባሁ። የፋሲካ ገበያ ነው፤ በጉ፣ ዶሮው፣ ሰዉ መላወሻ የለውም። መናኸሪያው አጠገብ ከአንዲት ሻይ ሻጭ ሁለት በርጩማ ተከራየሁና "መምህራን እዚህ" የሚል ወረቀት ለጠፍሁ። ኔትወርኩ ሁለት መስመር ያሳያል፣ አንዳንዴ አንድ፣ አንዳንዴ ምንም።

የመጀመሪያው ሰው መጣ። ስሙን ለኤጀንቱ ጻፍሁ። ሁለታችንም ስልኩ ላይ አፈጠጥን። አንድ ደቂቃ። ሁለት። ከዚያ መልእክቱ ገባ፤ ተጫነው፤ "ተረጋግጧል"። ከዚያ በኋላ ወረፋው እየረዘመ ሄደ። ኔትወርክ ሲጠፋ እንቆማለን፣ ሲመጣ እንቀጥላለን፤ የቸኮለ ማንም አልነበረም። አምስት ሰዓት ሳይሆን ሁለት መቶኛው ሰው ተረጋገጠ። ለአቶ ደጀን ደወልሁ፤ በስልኩ ውስጥ እልል ያለችው የማን ጸሐፊ እንደሆነች አላውቅም።

ቀና ስል እናቴን አየኋት። ሰልፉ ውስጥ ነበረች፣ ከፊቷ ስድስት ሰው፣ ጃንጥላዋን ዘርግታ። አይታኛለች። ወረፋውን ዘልላ አልመጣችም። እኔም አልተነሳሁም። ስድስቱ እስኪያልቁ ድረስ ስማቸውን እንዴት እንደጻፍሁ አላውቅም።

ተራዋ ደረሰ። በርጩማው ላይ ተቀመጠች። በሥራ ድምፄ "ስምዎን ይንገሩኝ" አልኋት። እናቴን አንቱ ስላት የመጀመሪያዬ ነው።

"በለጠች ይሻው" አለች፣ ተማሪ ስሙ ሲጠራ እንደሚመልሰው ቀጥ ብላ።

ስሟን ጻፍሁ። አሥረኛው ነው፤ ሌላ የለም። ኔትወርኩ አንድ መስመር። ጠፋ። እናቴ ስልኩን ሳይሆን እኔን ነበር የምታየው።

"አልተፈቀደልኝም ብዬ ነበር" አለች ቀስ ብላ።

"ተፈቅዶልሽ ነበር እማ። ከመጀመሪያው ተፈቅዶልሽ ነበር። እኔ ነኝ ያበላሸሁት።"

ስልኩ ጮኸ። ጣቷ ወደ ታች፣ ወደ መጀመሪያው መልእክት ሄደ። እጇን ያዝሁት። "የላይኛውን።" ተጫነችው። ክቡ ምልክት ዞረ፣ ዞረ፣ ዞረ።

አካውንትዎ ተረጋግጧል።

እናቴ አላለቀሰችም። እኔ ነኝ ያለቀስሁት፣ ሰው ሁሉ ፊት፣ ወረቀቱ ላይ። ከኋላዋ የቆመው ወጣት መምህር ደንግጦ "ምነው፣ ተበላሸ እንዴ?" አለ። እናቴ ዞራ "አልተበላሸም። ልጄ ናት። ሥራዋን ትጨርስ፣ አታዋክቧት" አለችውና ተነስታ አጠገቤ ቆመች። ፀሐይዋ እስክትዞር ጃንጥላዋን በእኔ ላይ ያዘችልኝ። ዘጠኝ ሰው ደግሞ አስተናገድሁ።

ዓርብ፣ ሚያዝያ 2

ስቅለት። ከስግደት በፊት መዝገቡን ዘጋሁ፦ ሁለት መቶ አሥራ ስድስት። ኤጀንቱ "ትእዛዝዎ ተፈጽሟል" አለኝ። እስከ ታች አነበብሁት። ምንም ማሳሰቢያ የለም።

እሑድ፣ ሚያዝያ 4

ፋሲካ፣ አገር ቤት። ትናንት የድርጅቱ ደብዳቤ መጣ፦ ፕሮግራሙ ደብረ ታቦር ይቀራል። አቶ ደጀን ጽፈው "በፊርማሽ የምትጽፊው የምስጋና ደብዳቤ ሆነ" ብለውኛል።

ከበላን በኋላ፣ ጎረቤቱ ሁሉ እንደተሰበሰበ፣ ተነስቼ የእናቴን ጉልበት ሳምሁ። ያን ቀን ሰው ፊት ነበር የተናገርሁት፤ ይቅርታውም ሰው ፊት ይሁን ብዬ ነው።

"እማ፣ ለገና ያልሁሽን ይቅር በይኝ።"

ረሳሁት ትለኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር። እናቴ ግን አንዲት ቃል አልረሳችም።

"ይቅር የምልሽ ዲግሪዬን ስይዝ ነው" አለች። "እስከዚያ በየክረምቱ አንቺ ቤት ነኝ። አልጋውን ለእኔ ትለቂያለሽ፣ ማታ ማታ ደግሞ ኮምፒውተሩን ታስጠኚኛለሽ። ደግሞ ቀስ ብለሽ፣ እየደጋገምሽ፤ ቶሎ አይገባኝም።"

ጎረቤቱ ሳቀ። እሷም ሳቀች፤ ይሄኛው ሳቅ የራሷ ነበር። አራት ክረምት ነው የፈረደችብኝ። እሺ አልኋት።